አባዬ አልጃጀም

ውድ ወንድሜ፣

ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። አትደንግጥ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን እኔ ራሴ ከድንጋጤዬ ሳልወጣ አንተን አትደንግጥ ማለት ምን ይሉታል? ደህና ነን። አባዬም አለ። እንዲያውም ልነግርህ የተነሳሁት ይህንኑ ነው፤ አባዬ አለ። አልጃጀም። ጃጅቶም አያውቅም። አስተኝተነው ነው።

አዎ፣ ደግመህ አንብበው። እኔም ባለመድኃኒቷ ስትነግረኝ «ምን አልሽኝ?» እያልኩ ደጋግሜ አስደግሜያታለሁ።

በስልክ እንዳልነግርህ፣ ያለህበት መርከብ ስልኩ አንዴ ይሰማል አንዴ ይቆረጣል፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ተቆራርጦ የሚሰማ አይደለም። ወደብ ስትደርሱ ደብዳቤ እጅህ ይገባል ብለው የመርከብ ድርጅቱ ሰዎች ስለነገሩኝ ጻፍኩት። ከሥሩ ልንገርህ።

እማዬ ካረፈች በኋላ አባዬን እንቅልፍ እምቢ እንዳለው ታስታውሳለህ። በር በሩን እያየ ያነጋ ነበር። ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን አዘዘለት፤ ማታ አንድ ብቻ፣ ብጫ ነበረች። ለጉልበቱ ደግሞ ነጭ ማስታገሻ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ያኔ አንተ ወደ ባሕርህ ተመልሰሃል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር እውላለሁ። ሻምበሏ አክስታችን ሻንጣዋን ይዛ የገባችው ያን ጊዜ ነው። «እህቴ የተወችውን ሰው ሜዳ ላይ አልጥለውም» አለች፤ አለቀ። እሷ ካለች አለች ነው። ለጥቂት ጊዜ የተባለው ኪኒንም ባለቀ ቁጥር እየተተካ ሄደ። «በቃው» ያለ ሰው አልነበረም።

ሻምበሏን ታውቃታለህ። ዕድሜዋን ሙሉ የሆቴል ወጥ ቤት ስታዝ ኖራ፣ ነገር ሁሉ በየዕቃው ካልተቀመጠ ልቧ አያርፍም። ስኳር በቆርቆሮ፣ ጨው በቆርቆሮ፣ የተቆረጠ አዝራር ሳይቀር በቆርቆሮ። የአባዬ ጣቶች ኪኒኑን ከማሸጊያው ገፍተው ማውጣት ሲያቅታቸው ስታይ አንጀቷ አልችል አለ። ሁሉንም አንድ በአንድ ፈልቅቃ በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቀመችለት፤ ካርቶኑንና ወረቀቱን ጣለች። ለምን እንደጣለችው ስጠይቃት «ካርቶን አይዋጥ!» አለችኝ። ነጩ ለጉልበት፣ ብጫው ለእንቅልፍ፣ ቀዩ ለደም ግፊት። አንድም ቀን ሰዓት አሳልፋበት አታውቅም። እኔም «ተባረኪ» አልኳት። ከፍቅር የመጣ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለውን ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ አባዬ እየደበዘዘ ሄደ። መጨረሻ ስትመጣ ያየኸውን ታውቃለህ። ገበያው ሁሉ «አቶ ግራም» እያለ የሚጠራው ሚዛን ጠጋኙ አባታችን፣ ሥጋ ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያየው ሚዛኑን የሚወለውልለት ሰው፣ የሰረቅህበትን የስኳር ዕቃ ብድግ አድርጎ ብቻ «ሁለት ማንኪያ ጎድሏል» ይልህ የነበረው ሰው፣ ሾርባው ላይ አፍንጫውን ደፍቶ ሲያንቀላፋ። እኔን በእማዬ ስም ይጠራኛል። ሱሪውን አርጥቦ እንደ ልጅ ጥግ ይይዛል። መታጠቢያ ቤት ወድቆ ግንባሩ ተሰፋ። ቀን እንዲያ ሲያንቀላፋ የዋለው ሰው፣ ሲመሽ ደግሞ ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ ሳሎኑን ይዞራል። የሚገርመው፣ አንዳንድ ቀን ድንገት ቦግ ይልና እንደ ድሮው ሲያጫውተን ይውላል፤ በማግስቱ ድርግም። እኔና ሻምበሏ «መብራት መጣ»፣ «መብራት ሄደ» እንባባል ነበር። እየሳቅን።

ሐኪሙ ጋም ወስደነዋል። «ምን ምን ይወስዳሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ የጠየቀውን አልነፍገውም። ሻምበሏ አንዱንም ሳትስት በቃሏ አወረደችለት። እሱም ጻፈ። «በዚህ ዕድሜ ያጋጥማል፤ የማስታወስ ችግር ይመስላል፤ እንከታተለው» አለን። የአፏን ሰማ፤ ቆርቆሮዋን ይዛችሁ ኑ ያለን፣ ይዘን እንሂድ ያልንም የለም። ስለ መጦሪያ ቤቱ አንተና እኔ የተስማማነው ከዚያ ወዲህ ነው። ክፍሉ ተዘጋጅቶለት ነበር። ቀኑ ተቆርጦ ነበር። ፒጃማውን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ የዚያው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር።

«እትዬ፣ ማስታገሻ አይጠፋሽም መቼም» አልኳት ሻምበሏን።

«የአባትሽ አለልሽ። ለጉልበት ይሁን እንጂ ሕመም ሕመም ነው፤ መንገዱን ያውቀዋል» አለችኝ። ቆርቆሮዋን ከፍታ አንድ ነጭ ኪኒን መዳፌ ላይ ጣል አደረገችልኝ። በሻይ አወራርጄ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አራተኛ ክፍል ነበር። ስለ ወንዞች እያስተማርኩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። መሃል ላይ መስመሩ ቁልቁል ሲንሸራተት አየሁት። ላስተካክለው ብዬ ክንዴን ሳነሳ ክንዴ የእኔ አይደለም። ልጆቹ ሳቁ። ዞሬ ልቆጣቸው ፈለግሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን «በሩን ዝጉት፣ እናንተ፣ ዝናቡ አልጋው ላይ እየገባ ነው» የሚል ነበር። ዝናብ የለ፣ አልጋ የለ! አንድ ጊዜ ደግመው ሳቁ፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ አለ። የልጆች ጸጥታ እንደዚያ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጠረጴዛው ላይ ግንባሬን አሳረፍኩ።

አሁን የምነግርህን ልብ ብለህ ስማኝ። ሙሉ በሙሉ አልተኛሁም ነበር። ርዕሰ መምህሯ ስትገባ ሰምቻታለሁ። ሌላው መምህር ከጭንቅላቴ በላይ «ጠጥታ ይሆን እንዴ?» ሲላት ሰምቻለሁ። «አልጠጣሁም!» ብዬ መጮህ ፈለግሁ። ቃሉ አለኝ፤ እዚህ ምላሴ ላይ ተቀምጧል። ምላሴ ግን አልነሳ አለ። ደግፈው ወደ መምህራን ክፍል ሲወስዱኝ፣ ተማሪዎቼ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው ሲያዩኝ፣ ሁሉን አውቃለሁ። አንዲት ቃል ግን መወርወር አልቻልኩም።

ጤና ጣቢያ ተኝቼ ከሰዓት በኋላ ነቃሁ። ግፊቴ ደህና፣ ስኳሬ ደህና። «ዛሬ ምን ዋጥሽ?» አለችኝ ነርሷ።

«ማስታገሻ ብቻ።»

«ማስታገሻ እንዲህ አያደርግም» አለችና ፊቴን አየችኝ። «ከየት አመጣሽው?»

ያን ጊዜ ነው የሻምበሏ ቆርቆሮ ትዝ ያለኝ። ርዕሰ መምህሯ በመኪናዋ ቤት አደረሰችኝ። አባዬ ሶፋው ላይ አገጩ ደረቱን ነክቶ አንቀላፍቷል፤ ሻምበሏ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ምንም ሳልናገር ቆርቆሮውን ይዤ ወጣሁና መንገድ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት ገባሁ።

ባለመድኃኒቷ ነጮቹን ብቻ ለቅማ በሰሃን ላይ ዘረጋቻቸው። መነጽሯን ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ በትንሽ ማንኪያ አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ገፋ ገፋ ታደርጋቸው ጀመር። እኔ ሁሉም አንድ ይመስሉኛል። ስትጨርስ ሁለት ክምር ሆነዋል።

«እነዚህ መሃላቸው ላይ መስመር አለ፤ ማስታገሻ ናቸው» አለች። «እነዚህ ደግሞ ፊደል ተቀርጾባቸዋል። እነዚህ የእንቅልፍ ናቸው።»

«የእንቅልፉ እኮ ብጫ ነው!»

«ነበር። አሁን የሚመጣው ከሌላ ፋብሪካ ነው፤ ነጭ ሆኗል። ካርቶኑ ላይ ስሙ ያው ነው።»

«እና ይቺ ብጫዋ?» አልኳት ከቆርቆሮው አውጥቼ።

አገላብጣ አየቻት። «ቫይታሚን። ከሌላው መድኃኒት ጋር አብሮ ሲሰጣቸው የነበረ።»

ገባህ ወንድሜ? ለአባታችን ማታ እንዲተኛ ቫይታሚን እንሰጠው ነበር። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ደግሞ ለጉልበትህ እያልን፣ እንደ ዕጣ፣ እጃችን ላይ የወጣውን ነጭ። ማስታገሻው የወጣ ቀን መብራት ይመጣል። የእንቅልፉ የወጣ ቀን መብራት ይሄዳል። ቀኑን ሌሊት፣ ሌሊቱን ቀን አድርገንበት፣ ከዚያ ደግሞ «ምነው እንዲህ ሆነ?» ብለን ሐኪም ቤት ወሰድነው።

ባለመድኃኒቷ ወንበር ገፋችልኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አባትሽ በሕይወት አሉ?» አለችኝ።

በሕይወት አሉ ወይ! እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅበት ነገር በቤታችን ነበር ማለት ነው። ያ ግንባሩ የተሰፋበት ቀን አንገቱ ሊሰበር ይችል ነበር። እዚያው ሆኜ ስልኬን አነሳሁ።

«እትዬ፣ የማታውን ሰጠሽው?»

«ውሃውን ቀድቻለሁ። ነጩን ጠዋት ከቆርቆሮው ለይቼ አስቀምጬ ነበር፤ ልሰጠው ነው።»

«እንዳትሰጪው!»

«ምኑን?»

«ምንም! ነጭ ከሆነ ምንም! ከእጅሽ አስቀምጪው!»

«ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አለች። ደህና አልነበርኩም። ደንበኞቹ ሁሉ ዞረው ያዩኛል፤ እኔ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እንደ ሕፃን እንባዬን አወርደዋለሁ።

ሐኪሙ ጋ በዚያው ምሽት ደረስን፤ በዚህ ጊዜ ቆርቆሮው አብሮን ነበር። ሐኪሙ ሁለቱን ክምር አይቶ ያን ጊዜ የጻፈውን ዝርዝር አወጣ። እኔ ኪኒኑን ያንኑ ዕለት አውጥቼ ልጥለው ነበር፤ እሱ ግን ከለከለኝ። «ሰውነታቸው ለምዶታል። በአንድ ጊዜ ከተቋረጠ ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። በኔ ቁጥጥር፣ ቀስ በቀስ እየቀነስን ነው የምናወርደው» አለኝ። ሌላ ድንጋጤ! የሚገድለውን ለማስቆም እንኳ ጥድፊያ እንደማያዋጣ ማን ያውቃል? እንደ ታዘዝነው አደረግን፤ እየለካን፣ እየቀነስን፣ ሐኪሙ ጋ እየተመላለስን።

ሻምበሏን እንዴት ልንገርህ። ስነግራት አልጮኸችም። ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈች፣ ወንበሩ ላይ አስቀመጠች። «በገዛ እጄ?» አለች። «አላወቅሽም እኮ እትዬ» ብላት፣ «በገዛ እጄ፣ ውሃ እያስጨበጥኩ» አለች እንደገና። በማግስቱ ስነሳ ሻንጣዋን ደጅ አውጥታ በሩ ጥግ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሁሉን የምታዝ ሴት፣ ያለ ማንም ትእዛዝ ራሷን አባራ። ሻንጣውን ነጥቄ አስገባሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ለአባዬ ብርጭቆ ማንሳት አቆመች። ሳህኑን እንኳ እኔ እንድሰጠው ከሩቅ ታመለክተኛለች። ይመርዙታል የተባለ ይመስል እጆቿን ከኋላዋ ትይዛቸው ነበር።

አባዬ በአንድ ቀን አልተመለሰም። መጀመሪያ ባሰበት፤ ተነጫነጨ፣ ላበው። ሐኪሙ እንደሚያጋጥም ነግሮን ባይሆን ኖሮ ተስፋ እቆርጥ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ዳቦውን አነሳ። አልበላውም። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ አደረገው።

«ይሄ ዳቦ ቤት ሌባ ሆኗል» አለ። «ከመቶ ግራም በታች ነው።»

የሻምበሏ ማንኪያ ከእጇ ወደቀ። እኔ ተነስቼ ወጥ ቤት ገባሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መጣ። ስሜን ጠራ። ራሱ ተላጨ። እማዬ የሞተችበትን ቀን አስታውሶ፣ እንደ አዲስ ሳይሆን እንደሚያውቀው ሰው አለቀሰ። መጦሪያ ቤቱን ደውዬ ክፍሉን ለሌላ ስጡት አልኳቸው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሦስታችንም ተቀምጠን ሳለ፣ «ውሃ» አለ። ተነሳሁ። «አንቺን አይደለም» አለኝና ወደ ሻምበሏ ዞረ። «አንቺ ሴትዮ፣ ጉልበቴን አመመኝ እኮ። መድኃኒቴን የሚያቀብለኝ ሰው ልትቀጥሪልኝ ነው?»

«እኔ እጄን አላምነውም» አለችው።

«እኔ አምነዋለሁ። ዓይንሽን ነው የማላምነው፤ መነጽር አድርጊ።»

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። መነጽሯን ፍለጋ ስትራወጥ ግን አንድ ጣሳ ሙሉ አዝራር ደፍታ ሳሎኑን አበላሸችው፤ አባዬም «ይህን ሁሉ አዝራር ከማን ሸሚዝ ነው የሰበሰብሽው?» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲቀልድባት ዋለ።

አሁን መድኃኒቱ ሁሉ በየካርቶኑ ነው። የቀናት ክፍል ያለው ሳጥን ገዝተን፣ እሁድ እሁድ በመስኮቱ ብርሃን እኔና እሷ አብረን እንሞላዋለን፤ አንዷ ስሙን ከካርቶኑ ላይ ጮክ ብላ ታነባለች፣ አንዷ ታስቀምጣለች። ቀለሙ ወይም ቅርጹ የተለወጠ ነገር ካየን ሳንጠይቅ አንሰጥም። ሐኪም ቤት ስንሄድ ያለው ሁሉ በከረጢት አብሮን ይሄዳል። የማያስፈልገውን ለባለመድኃኒቷ መለስን። ሻምበሏም ጎረቤቶቿን ማስጨነቅ ጀምራለች፤ ቡና ሊጠጣ የመጣ ሰው ሁሉ «መድኃኒትህን የት ነው የምታስቀምጠው?» ተብሎ ይመረመራል።

እስካሁን ያልነገርኩህ አለ። ልተወው ብዬ ነበር፤ ግን አባዬ ራሱ ጻፊለት አለኝ።

ባለፈው ሳምንት በረንዳ ላይ ብርቱካን እየላጠ፣ ቀና ሳይል፣ «ሁሉን እሰማ ነበር» አለኝ።

«ምኑን አባዬ?»

«የምታወሩትን። ውሃ ውስጥ ሆነህ ከላይ ሰዎች ሲነጋገሩ እንደሚሰማ። መልስ ልሰጥ ስል ግን ድምፄ አይመጣም። ስለ መጦሪያው ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ። ፒጃማዬን ስታጥፊው አይቻለሁ።»

ወንድሜ፣ እኔ እኮ አውቀዋለሁ! ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ «ጠጥታ ይሆን እንዴ?» ሲሉኝ የሰማሁት እኔ ነኝ። እኔ ለአንድ ጠዋት ብቻ። እሱ ለስንት ጊዜ! በፊቱ ስለ እሱ ያወራነውን ሁሉ አስበው። እንደ ወንበር፣ እንደ ቁም ሳጥን።

ከዚያ አንተ ለመጨረሻ ጊዜ የደወልክበትን ቀን አነሳ። ድምፅህ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ነበር፤ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አንተ እያለቀስክ «ሰውየው እኮ የለም። አባታችን ከእማዬ ጋር ተቀብሯል ብለን እንቁጠረው» ያልከውን ቃል በቃል ደገመልኝ።

እሱ ግን ብርቱካኑን ገምሶ ግማሹን ሰጠኝ። «አልተቀየምኩትም» አለ። «ልጅ አባቱን እያየ ሲያጣው እንዲህ ይላል። እኔም የማውቀው ሰው ቢሆን ኖሮ እንዲያ የሚያንቀላፋውን ሽማግሌ ሞቷል እል ነበር። የሞተው ሰው ሰላም ብሎሃል በይልኝ።»

ብሎ ሳቀ። ያንን የድሮ ሳቁን፣ ትከሻው የሚንቀጠቀጥበትን።

ስለዚህ ደውል። ወደብ እንደወረድክ ደውል። ይቅርታ እያልክ እንዳትጀምር፤ አይወድም። ስለ ሞተሩ፣ ስለ ማዕበሉ አጫውተው። ለሻምበሏም «እንዴት አደረግሽው?» የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ፤ የሚበቃትን ለራሷ ብላዋለች። የሚስትህ ወላጆች ጋ ስትሄድም የመድኃኒት መሳቢያቸውን ከፍተህ ሳታይ እንዳትወጣ። አማች ነውና ነውር ነው እንዳትለኝ። ነውሩ አለማየት ነው።

ይህን ስጽፍ አባዬ ከኋላዬ ቆሞ «ለማን ነው ይህን ሁሉ?» አለኝ። ለልጅህ ስለው እስኪ ብዕሩን አለኝ። ከታች ያለው የእሱ ጽሕፈት ነው፤ አንብብለት።

በናፍቆት የምትጠብቅህ እህትህ

*ልጄ፣ እኔ ነኝ። አባትህ።*